ለኪሳችንና ለስልካችን የሚሆነው ብራውዘር

ቤሌ ከሶዶ ወደ ዳውሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ከተማ ናት። እዚህ የጽሕፈትና የኮምፒዩተር አገልግሎት ቤት አለኝ። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የፓስፖርት ፎርም፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ፤ ሰው በኢንተርኔት የሚጨርሰው ጉዳይ ሁሉ በኔ ጠረጴዛ ያልፋል። ደንበኛ ስልኩን አውጥቶ «እህቴ፣ ይሄ ነገር ለምን አልከፍት አለኝ?» ሲለኝ መጀመሪያ የማየው የከፈተበትን ብራውዘር ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ነው።

«ጎግል ላይ ነው የገባሁት» ይሉኛል። ስልኩን ተቀብዬ ሳየው አንዱ ክሮም፣ ሌላው ኦፔራ ሚኒ፣ ሌላው ደግሞ ከቴክኖ ወይም ከአይቴል ስልኩ ጋር ተጭኖ የመጣውን ፊኒክስ ከፍቷል። ሁሉም የሚጠቀሙት ስልኩን ሲገዙ ያገኙትን ነው፤ መርጠው አያውቁም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለነሱ ነው። ብራውዘር መቀየር ገንዘብ አይጠይቅም። አንዴ ለማውረድ የሚሆን ዳታና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ጥቅሙ ግን በየወሩ በካርድ ወጪያችን ላይ ይታያል።

ብራውዘር ምን ይሠራል?

ጎግል የመፈለጊያ አገልግሎት ነው። ብራውዘር ደግሞ ድረ ገጽን ከሩቅ ኮምፒዩተር ተቀብሎ በስክሪናችን ላይ የሚያሳየን ፕሮግራም ነው። አድራሻ ስንጽፍለት መጀመሪያ የዚያን ስም የቁጥር አድራሻ ያፈላልጋል፤ ቁጥሩን ሲያገኝ ገጹ ወደተቀመጠበት ሰርቨር ጥያቄ ይልካል። የሚመጣለት ግን ያለቀለት ገጽ አይደለም። ጽሑፉ ለብቻው፣ ቀለሙና አቀማመጡ ለብቻው፣ ፎቶው ለብቻው፣ ቁልፍ ሲነካ ምን መሆን እንዳለበት የሚያዘው ጃቫስክሪፕት ለብቻው ይመጣል። እነዚህን አገጣጥሞ የምናየውን ገጽ የሚሠራው የብራውዘሩ ሞተር ነው። ይህ ሥራ የስልኩን ጉልበት፣ ሚሞሪና ባትሪ ይበላል። ባለ 2 ጊጋ ራም ስልክ ላይ አንድ ከባድ ገጽ ሲከፈት ስልኩ ስታክ የሚያደርገው ለዚህ ነው።

ብራውዘሩ በስም ብዙ ነው፤ ሞተሩ ግን በዋናነት ሦስት ነው። የጎግሉ ብሊንክ ክሮምን፣ ኤጅን፣ ኦፔራን፣ ብሬቭንና የሳምሰንግን ብራውዘር ያንቀሳቅሳል። ዌብኪት የአፕል ሳፋሪ ሞተር ነው። ጌኮ ደግሞ የፋየርፎክስ ነው። ማይክሮሶፍት እንኳ የራሱን ሞተር ትቶ ኤጅን በጎግሉ ሞተር ላይ እንደገና የሠራው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ስለዚህ ከክሮም ወደ ኤጅ የተዛወረ ሰው የቀየረው ላዩን ነው። ይህን እዚህ ላይ ያነሳሁት በኋላ ለምመርጠው ብራውዘር ዋናው ምክንያቴ ስለሆነ ነው።

ከባለ ቁልፍ ስልክ ጀምሮ

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ዓለም በኔትስኬፕና በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ፉክክር ተይዛ ነበር። እንደ ቤሌ ላለች ከተማ ግን ያ ፉክክር የሩቅ ወሬ ነበር። ኢንተርኔት ለብዙዎቻችን የመጣው ቆይቶ፣ በስልክ ነው፤ በባለ ቁልፍ ኖኪያ ላይ፣ በኦፔራ ሚኒ።

ኦፔራ የኖርዌይ ኩባንያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የቻይና ባለሀብቶች ገዝተውታል። ኦፔራ ሚኒን በ2005 በአገሩ ሞክሮ በ2006 መጀመሪያ ለዓለም ለቀቀው። አሠራሩ ገበያ ሰው እንደ መላክ ነው። ስልካችን ራሱ ወደ ድረ ገጹ አይሄድም፤ የኦፔራን ሰርቨር ይልካል። ሰርቨሩ ገጹን ከፍቶ፣ ፎቶውን አሳንሶ፣ የማይፈለገውን ጥሎ፣ አንዳንዴ መጠኑን እስከ አንድ አሥረኛ አውርዶ ይልክልናል። ዳታው ይቆጠባል፣ ስልኩም አይደክምም። የተላከው ሰው ግን ምን እንዳስገዛነው ያውቃል። ይህን ነጥብ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ስለ ፓስወርድ ስናወራ እመለስበታለሁ።

የዚያን ዘመን ስልክ ተጠቃሚ የማይረሳው ሌላም ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የዓለም ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ቢሆንም የፊደሉ ቅርጽ በስልኮቹ ውስጥ አልተጫነም ነበር። የአማርኛ ዜና ስንከፍት የሚመጣልን ባዶ አራት ማዕዘን በተርታ ነበር። መፍትሔው ከእጅ ወደ እጅ ተዛመተ። የኦፔራ ሚኒ አድራሻ መጻፊያ ላይ «ኦፔራ»፣ ሁለት ነጥብ፣ «ኮንፊግ» በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል። ረጅም የማስተካከያ ዝርዝር ይመጣል። ወደ ታች ተወርዶ ለአስቸጋሪ ፊደላት የሥዕል ፊደል ተጠቀም የሚለው መስመር ላይ «አዎ» ተመርጦ ይቀመጣል። ከዚያ ሰርቨሩ ፊደሎቹን በሥዕል መልክ እየሳለ ይልክልናል። ፊደሉ ደቀቅ ይላል፣ ዳታውም ትንሽ ይጨምራል፤ ግን አማርኛ ይነበባል። የአካባቢያችን ቋንቋ ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ይህ ጣጣ አልነካውም። ግዕዙን ግን በስልክ ያነበብነው ብዙዎቻችን በዚያች መስመር ነው። ለኦፔራ ሚኒ እስከዛሬ ትልቅ አክብሮት አለኝ።

በምን እንመዝናቸው?

ብራውዘር ሲወዳደር አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው የትኛው ይፈጥናል ብሎ ነው። አዲስ ስልክና ጥሩ ዋይፋይ ላለው ሰው በብራውዘሮቹ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በኔ ቤት የሚያገለግሉት መመዘኛዎች ሌሎች ናቸው፤ ዳታ ይቆጥባል ወይ፣ ፎርም ይሞላል ወይ፣ ምስጢር ይጠብቃል ወይ፣ አሮጌ ዕቃ ላይ ይሠራል ወይ።

በዳታ እንጀምር። አንድ የዜና ገጽ ላይ ጽሑፉ ጥቂት ኪሎባይት ነው። ሜጋባይቱን የሚበላው ፎቶው፣ በራሱ የሚጀምረው ቪዲዮ፣ ማስታወቂያውና ከኋላ ሆኖ የምናየውን የሚመዘግበው መከታተያ ነው። ክሮም ለዚህ ላይት ሞድ የሚባል ዳታ ቆጣቢ ነበረው። ጎግል ይህን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 አቆመው። ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ በብዙ አገሮች የሞባይል ዳታ ዋጋ ቀንሷል የሚል ነው። የቀን ጥቅል ገዝቶ ማታ ሳያልቅ ለመጠቀም የሚሯሯጥ የቤሌ ተማሪ ግን አሁንም አለ። ለሱ ዛሬም ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ኦፔራ ሚኒ ነው፤ ስንት ሜጋ እንዳተረፈ ራሱ ቆጥሮ ያሳያል። ሁለተኛው ማስታወቂያውንና መከታተያውን ከመነሻው እንዳይወርድ መከልከል ነው። ብሬቭ ይህን ሲጫን ጀምሮ ያደርገዋል። የሠራው ኩባንያ መሥራች ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 ጃቫስክሪፕትን የፈጠረው ሰው ነው። ፋየርፎክስ ላይ ደግሞ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባል ነፃ ተጨማሪ ፕሮግራም ይጫናል። ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፋየርፎክስ ለአንድሮይድ እንዲህ ያሉ ተጨማሪዎችን በሰፊው ከፍቷል፤ የስልኩ ክሮም ግን አይቀበልም። የኮምፒዩተሩ ክሮምም ቢሆን የተጨማሪ ፕሮግራሞችን ደንብ ቀይሮ ዩብሎክ ኦሪጅንን በቀድሞ አቅሙ እንዳይሠራ አድርጎታል። በዚህ መንገድ የሚቆጠበው ዳታ በራሳችን ስልክ ውስጥ የሚቆጠብ ነው፤ መሐል ላይ ገጻችንን የሚያይ ሰርቨር የለም።

ፎርሙ ለምን አይሄድም?

መስከረም ላይ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ሰሞን፣ ቤቴ በተማሪ ይሞላል። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ መረጃውን በሙሉ ሞልቶ «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ ይነካል፤ ምንም የለም። ገጹ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ኔትወርክም አለ። ፊቱ ላይ ያለውን ጭንቀት ሳየው ለሱ የአንድ ቁልፍ ጉዳይ እንዳልሆነ ገባኝ፤ የዓመታት ልፋቱ እዚያች ቁልፍ ላይ የቆመ መስሎታል። ስልኩን ተቀብዬ ያንኑ አድራሻ ገልብጬ በሌላ ብራውዘር ከፈትኩለት። ቁልፉ በመጀመሪያው ንክኪ ሠራ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዳታን በሰርቨር የሚያሳንስ ብራውዘር ጃቫስክሪፕቱን የሚያሠራው በስልኩ ላይ አይደለም፤ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ለአጭር ጊዜ አሠርቶ ውጤቱን ይልካል። ለስልካችን የሚደርሰው የቆመ ገጽ ነው። ለማንበብ ምንም አይጎድለውም። የትውልድ ቀን የሚመረጥበት፣ ፎቶ የሚጫንበት፣ ደረጃ በደረጃ የሚሞላ ፎርም ግን ሕይወት ያለው ገጽ ይፈልጋል። ስለዚህ ለምዝገባ፣ ለምደባና ለማመልከቻ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ይከፈት። ኦፔራ ሚኒን ብቻ የያዘ ሰው ቅንብሩ ውስጥ የቁጠባውን መጠን ዝቅ ቢያደርግ ወይም ቢያጠፋው ብዙ ፎርም ይከፈትለታል። ፎርም ከመጀመር በፊት ፎቶው በተጠየቀው መጠን ተዘጋጅቶ፣ ስምና ቁጥር ወረቀት ላይ ተጽፎ ይቀመጥ። አንዳንድ ገጽ ጊዜ ሲያልፍበት የሞላነውን ሁሉ ያጠፋዋል፤ መብራትም ባልታሰበ ሰዓት ሊጠፋ ይችላል።

ምስጢራችን በማን እጅ ነው?

ኦፔራ ሚኒ ከፍተኛ የቁጠባ ደረጃው ላይ ሲሆን የተቆለፈውን ገጽ የሚከፍተው የኦፔራ ሰርቨር ነው። በስልካችንና በባንካችን መካከል ሦስተኛ ወገን ገባ ማለት ነው። ኩባንያው ክፉ ነው አልልም፤ ግን የባንክ ፓስወርድ፣ የኢሜይል ፓስወርድና የመታወቂያ ቁጥር በዚያ መንገድ እንዲያልፍ አልፈልግም። ለዜናና ለንባብ እንጂ ለገንዘብ ጉዳይ አትክፈቱት።

ሁለተኛው ጥንቃቄ አድራሻን ማንበብ ነው። ከአድራሻው ጎን የምትታየው የቁልፍ ምልክት የምትነግረን መንገዱ የተቆለፈ መሆኑን ብቻ ነው፤ ከወዲያ ያለው ሰው ሐቀኛ መሆኑን አትነግረንም። አጭበርባሪም ገጹን መቆለፍ ይችላል። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 ያቺን ምልክት በሌላ የተካው ሰው በስህተት እየተማመነባት ስለነበር ነው። ደንበኞቼን የማሳያቸው ከአድራሻው የመጀመሪያ ክፍል መጨረሻውን ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስም በአብዛኛው «ገቭ ነጥብ ኢቲ» ብሎ ያበቃል፣ የትምህርት ተቋማት ደግሞ «ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ»። ከነዚህ በኋላ ነጥብ ተደርጎ ሌላ ስም ከተቀጠለ ገጹ የነሱ አይደለም። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ያለችውን አይተው ካልሆነ ገንዘብ አይላኩ» ያልኳቸው አንድ አባት አሁን ልጆቻቸውን ራሳቸው ያስተምራሉ።

ሦስተኛው የጋራ ዕቃ ነገር ነው። በኛ ሰፈር አንድ ስልክ እናትም ልጅም ወንድምም ይጠቀሙበታል፤ የኔንም ኮምፒዩተር ከተማው ሁሉ ይቀመጥበታል። ስለዚህ ማንኛውም ደንበኛ ኢሜይሉን ሲከፍት በግል መስኮት እንዲሆን አደርጋለሁ። ክሮም ኢንኮግኒቶ ይለዋል፣ ሌሎቹም አላቸው። መስኮቱ ሲዘጋ ከገባበት አካውንት ይወጣል፣ ታሪኩም ይጠፋል። ብራውዘሩ ፓስወርድ ላስቀምጥ ብሎ ከጠየቀ መልሱ እምቢ ነው። የግል መስኮት ግን ከቤተሰብ እንጂ ከኢንተርኔት አይደብቅም፤ ቴሌውም ድረ ገጹም ያየናል። በአሜሪካ ሰዎች በዚሁ ጉዳይ ጎግልን እ.ኤ.አ. በ2020 ከሰው፣ በ2024 ኩባንያው የሰበሰበውን ብዙ መረጃ ሊያጠፋ ተስማምቷል።

የኔ ምርጫ

እኔ የምመርጠው ፋየርፎክስን ነው። በቤቴ ኮምፒዩተሮች ላይም፣ በስልኬም የምጠቀመው እሱን ነው። ምክንያቶቼን ልናገር።

መጀመሪያ፣ አሮጌ ዕቃ አይንቅም። በገጠር ከተማ አገልግሎት ቤቶች ውስጥ ዊንዶውስ 7 የጫነ ኮምፒዩተር ብርቅ አይደለም። ክሮም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ለዊንዶውስ 7 አዲስ ስሪት ማውጣት አቆመ፤ 109ኛው ላይ ቀረ። ፋየርፎክስ ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣውን 115ኛ ስሪቱን ለነዚህ ኮምፒዩተሮች አስቀርቶ ከዚያ በኋላም ለዓመታት የደኅንነት እድሳት ሲልክለት ቆይቷል። አዲስ ኮምፒዩተር ለመግዛት ገንዘብ ሲያጠራቅም ለነበረ ሰው ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

ሁለተኛ፣ ዩብሎክ ኦሪጅን ተጭኖበት ዳታ ይቆጥባል፤ ቁጠባውም ፓስወርዴን ለማንም አሳልፎ አይሰጥም።

ሦስተኛውና ለኔ ትልቁ የሞተሩ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6ን አወጣ። ተፎካካሪው ኔትስኬፕ ተሸንፎ ስለነበር ከዓለም ተጠቃሚ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው በማይክሮሶፍት እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነው ተቀናቃኝ የሌለው ሰው የሚያደርገው ነው፤ ቀጣዩ ስሪት የወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ በ2006 ነው። ድረ ገጾች ለዚያ አንድ ብራውዘር ብቻ ይሠሩ ነበር፤ ጉድለቱንም ቫይረሱንም ተጠቃሚው ተሸከመው። ያንን ግድግዳ የነቀነቀው በኅዳር 2004 የመጀመሪያ ስሪቱ የወጣው ፋየርፎክስ ነው። ከኔትስኬፕ ቅሪት ተነስቶ፣ ለትርፍ ባልተቋቋመው በሞዚላ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር የተሠራ ነው። ዛሬ ክሮም ብቻውን ከዓለም ተጠቃሚ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይዟል፤ በዚያው ሞተር የሚሠሩት ሲጨመሩ ደግሞ ይበልጣል። ከአፕል ዕቃ ውጭ ላለን ሰዎች ራሱን ችሎ የቆመ ሌላ ትልቅ ሞተር ጌኮ ብቻ ነው። እሱ ከጠፋ ድረ ገጽ እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው አንድ ኩባንያ ይሆናል።

ጉድለቱንም አልደብቅም። ባለ 2 ጊጋ ራም ስልክ ላይ ፋየርፎክስ ለመከፈት ከክሮም ይዘገያል። ገጽን ወደ አማርኛ በመተርጎም ክሮምን አይስተካከልም፤ የጎግል ትርጉም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛን ስለያዘ ክሮም በዚህ በኩል ለተማሪ በጣም ይጠቅማል። ገንዘቡም ቢሆን ከጎግል የጸዳ አይደለም፤ የሞዚላ ገቢ አብዛኛው የሚመጣው ጎግል ቀዳሚ መፈለጊያ እንዲሆን ከሚከፍለው ነው። ጎግል ለአፕልም ለዚሁ ጉዳይ በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር መክፈሉ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተገልጿል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ፋየርፎክስን እመርጣለሁ፤ አማራጭ እንዲኖር የሚያደርገው ተጠቃሚ ነውና።

ማን ምን ይጫን?

ትንሽ ስልክና ጥቂት ዳታ ያለው ተማሪ ኦፔራ ሚኒን ለንባብ፣ በስልኩ ላይ ያለውን ክሮም ለፎርም ይያዝ። ባለ 4 ጊጋ ራምና ከዚያ በላይ ስልክ ያለው መምህር ወይም ነጋዴ ፋየርፎክስን ከዩብሎክ ኦሪጅን ጋር ይጫን። ቅንብር መነካካት የማይወድ ብሬቭን ይሞክር። ስልኩን ከቤተሰብ ጋር የሚጋራ ፋየርፎክስ ፎከስን ይጨምር፤ በአንድ ንክኪ ሁሉንም ያጠፋል። አይፎን የያዘ ሰው በሳፋሪ ይቀጥል፤ አፕል በኛ አገር ባሉ አይፎኖች ላይ የሌሎቹንም ብራውዘሮች ሞተር ዌብኪት ስለሚያደርገው ልዩነቱ ትንሽ ነው። ዊንዶውስ 7ም ሆነ ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ የተቋረጠበት ዊንዶውስ 10 ያለው ሰው በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንትን ይጠይቅ፤ ነፃ ነው፣ ፋየርፎክስም አብሮት ይመጣል። የትኛውም ይመረጥ፣ ለአንድሮይድ ስልክ ከፕሌይ ስቶር ብቻ ይውረድ፤ በብሉቱዝ የተቀባበልነው ፋይል ውስጥ ምን እንደተጨመረ አናውቅም። እድሳትም ሲመጣ አይታለፍ፤ ዳታ ይፈጃል ብለን የምንተወው እድሳት ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ነው።

የቀረኝ ለአገራችን ድረ ገጽ ሠሪዎች ነው። ምዝገባው፣ ውጤቱ፣ ምደባው፣ መታወቂያው ወደ ኢንተርኔት መግባቱ ትክክል ነው፤ ከቤሌ ሶዶ፣ ከሶዶ አዲስ አበባ የሚደረገውን የወረቀት ጉዞ ቀንሶልናል። ግን የሠራችሁትን ገጽ ቢሮአችሁ ባለው ኮምፒዩተርና በክሮም ብቻ ከፍታችሁ ጨርሰናል አትበሉ። በፋየርፎክስ ክፈቱት። በኦፔራ ሚኒ ክፈቱት። ባለ 2 ጊጋ ራም ስልክ ገዝታችሁ፣ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ፣ በደካማ ኔትወርክ ፎርሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሙሉት። የፎቶው መጠን ስንት መሆን እንዳለበት ሰው ሞልቶ ከመድከሙ በፊት ከላይ ጻፉለት። የሞላውም ኔትወርክ ሲቋረጥ እንዳይጠፋ አስቀምጡለት። እንዲህ ከሆነ የኪንዶ ኮይሻ ተማሪ ፎርሙን ቤቱ ተቀምጦ ይሞላል፤ እኔ ጋ የሚመጣውም ለማተም ብቻ ይሆናል።